ዕቃ የጫነ ሳይክል በሌሊት ፌሪ፦ ከሃርዊች ወደ ሁክ ኦፍ ሆላንድ

ጥያቄው፦ «ለንደን ነው የምኖረው። ኦገስት ላይ ከሃርዊች ወደ ሆላንድ የሚሄደውን የሌሊት ፌሪ ይዤ እስከ አምስተርዳም በሳይክል ልሄድ ነው፣ ለመጀመሪያ ጊዜዬ ነው። ሳይክሏ ከነአራት ቦርሳዋና ከነድንኳኗ 40 ኪሎ ገደማ ትሆናለች። መርከቡ ላይ የት ነው የማስቀምጣት? ማዕበል ቢመጣ ወድቃ ትሰበራለች? ቦርሳዎቹን ሁሉ ተሸክሜ ነው ወደ መኝታዬ የምወጣው? ለመንገድ ደግሞ ቋንጣና ሽሮ አዘጋጅቻለሁ።»

እህቴ ሰላም፣ ጥያቄሽን ሳይ ደስ አለኝ ምክንያቱም ብዙ ሰው ይሄን የሚጠይቀው መርከቡ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው፣ ያኔ ደግሞ ከኋላው ሎሪ ቆሞ እየጠበቀው ስለሆነ የሚመልስለት የለም። እኔ ሮተርዳም የሳይክል ሜካኒክ ነኝ። ሰመር በመጣ ቁጥር ከዛ መርከብ ወርደው በዛው ቀን ወርክሾፕ የሚመጡ ሰዎች አሉ፣ እኔም ራሴ መስመሩን በሳይክል ተመላልሼበታለሁ። የማየው ብልሽት ሁሌ ተመሳሳይ ነው፦ የተጣመመ ማርሽ መቀየሪያ፣ ቀለሙ የተላጠ ቴላዮ (የሳይክሏ ዋና አካል)፣ ቡሎኑ የረገበ ፖርቶ መጋላ (ዕቃ የሚጫንበት ብረት)። ከነዚህ ውስጥ ማዕበል ያመጣው በጣም ጥቂቱ ነው። አብዛኛው የሚመጣው መወጣጫው ላይና መኪና ማቆሚያው ወለል ላይ ባለችው አስር ደቂቃ ነው፣ ሰው ቸኩሎ፣ ዕቃው ተዘበራርቆበት፣ ገመድ ሳይኖረው። ስለዚህ ሃሳብሽን ከባህሩ ላይ አንሺና ለዛች አስር ደቂቃ ተዘጋጂ፣ ሌላው ዕዳው ገብስ ነው።

መጀመሪያ ቲኬቱን። ቡክ ስታደርጊ «በምን ነው የምትሄጂው» ሲልሽ ሳይክል የሚለውን ምረጪ፣ በእግረኛ እንዳትመዘገቢ። እግረኛ በባቡር ጣቢያው በኩል በህንፃው ውስጥ ነው የሚገባው፣ ሳይክል ግን ከመኪኖቹ ጋር ተሰልፎ በመኪና በር ነው የሚገባው፣ ተሳስተሽ ከሆነ ማታ እዛ ስትደርሺ ከአንዱ ወደ ሌላው መሯሯጥ ነው። የሌሊቱ ጉዞ ላይ ካቢን መያዝ ግዴታ ነው፣ ወንበር ላይ ልተኛ ብትዪም አይሆንም፣ ከቲኬቱ ጋር አብሮ ይመጣል። ብዙ ጊዜ መርከቡ የሚነሳው በ23:00 ነው፣ በኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 5 ሰዓት፣ ጠዋት 8:00 ሁክ ትደርሻለሽ፣ በሆላንድ ሰዓት ማለት ነው፣ ከእንግሊዝ አንድ ሰዓት ይቀድማል። ፕሮግራም ሊቀየር ስለሚችል ቲኬትሽ ላይ የተጻፈውን እመኚ። ቼክ ኢን ቀደም ብሎ ይዘጋል፣ እኔ ግን ሁለት ሰዓት ቀድመሽ ድረሺ ነው የምልሽ፣ ምክንያቱን ወደታች ታዪዋለሽ።

ወደ ሃርዊች ስትሄጂ አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ ኤ120 የሚባለውን መንገድ እንዳትይዢ። ካርታ ላይ ቀጥ ያለ ስለሆነ ያጓጓል፣ ግን ወደ ወደቡ የሚሄዱት ሎሪዎች በሙሉ በሱ ነው የሚሮጡት፣ 40 ኪሎ ተጭኖ ነፋሳቸው ብቻ ያንገዳግድሻል። ከለንደን ሃርዊች 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ በአንድ ቀን ጨርሰሽ ማታ መርከብ ልግባ ካልሽ ደክመሽ ነው የምትደርሺው፣ የደከመ ሰው ደግሞ ያቺን አስር ደቂቃ ነው የሚያበላሻት። ወይ ለሁለት ቀን ክፈይው ወይ እስከ ማኒንግትሪ በባቡር ሂጂ፣ ከዛ በሚስትሊና በብራድፊልድ በኩል ወንዙን በግራሽ እያየሽ ትንሽ ኪሎ ሜትር ነው፣ ደስ የሚል መንገድ ነው። ባቡሩ ላይም ሳይክል ቀድሞ ማስመዝገብ ይፈለግ እንደሆነ አጣሪ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር።

ቦርሳዎቹን ሁሉ ይዘሽ አትወጪም፣ መያዝም አትችዪም። ከመኪናው ወለል ወደ ካቢኖቹ ያለው ደረጃ ጠባብና ቀጥ ያለ ነው፣ ሊፍቱ ጋ ደግሞ ሻንጣ የያዘ ቤተሰብ ሁሉ ይጋፋል። አንድ ቦርሳ ብቻ «የሌሊት ቦርሳ» አድርጊ፣ ይህንን ግን ወደብ ላይ ሆነሽ አይደለም የምታዘጋጂው፣ ከቤት ስትወጪ ነው። ከኋላ ካሉት ከሁለቱ አንዱን ምረጪ፣ ሰንሰለት በሌለበት በግራ በኩል ያለውን፣ ምክንያቱም ሳይክሏን የምትገፊው በዛ ጎን ቆመሽ ስለሆነ በቀላሉ ይወጣል። ውስጡ ፓስፖርት (ቪዛ የሚያስፈልግሽ ከሆነም እሱ ያለበት ዶክመንት)፣ ስልክና ቻርጀር፣ መድኃኒት ካለሽ መድኃኒትሽ፣ ሹራብ፣ የጥርስ ብሩሽ፣ የጆሮ መድፈኛ፣ ውሃና የምትበዪው ነገር። ፎጣ ካቢኑ ውስጥ አለ። የመሪው ላይ ትንሽ ቦርሳ ካለሽ እሱንም፣ መብራቶችሽንና ጂፒኤስሽንም ነቅለሽ እዛው ክተቺ። መርከቡ ከተነሳ በኋላ የመኪናው ወለል ይቆለፋል፣ ረስቼ ነው ብትዪ እስከ ጠዋት የሚከፍትልሽ የለም። ወለሉ መቆለፉ ግን ጥሩ ጎንም አለው፣ የቀሩት ሦስት ቦርሳዎችሽ ሌሊቱን ማንም አይነካቸውም። ስርቆት ከፈራሽ ፍሪ የምልሽ ከዛ በፊት ሰልፍ ላይ ሆነሽ ሽንት ቤት ስትሄጂ ነው።

ድንኳኑንና ከፖርቶ መጋላው በላይ የደረደርሽውን ግን አውርጂው፣ እንደዛው ከላይ እንዳይቀር። ይሄን ብዙ ሰው አያስበውም። ክብደቱ የተጫነበት ቦታ ወደ ላይ ከፍ ባለ ቁጥር ሳይክሏ ስትወዛወዝ የሚጎትታት ጉልበት ይጨምራል፣ ታች ጎማው አጠገብ ያሉት ቦርሳዎች ግን አይጎዱም እንዲያውም ያረጋጓታል። ድንኳኑን ከሳይክሏ ስር ወለሉ ላይ ከግድግዳው ጋር አጣብቂና ከቴላዮው ጋር እሰሪው። ወለሉ እርጥብና ዘይት ያለበት ስለሚሆን ፌስታል ውስጥ ይሁን።

መወጣጫው ላይ፦ ውረጂና ግፊ። ሌላው ሲነዳ ብታዪም አንቺ ግፊ። ብረት ነው፣ ቀለም የተቀባ ነው፣ መኪና እንዳይንሸራተት ተብሎ በየመሃሉ የብረት ዘንግ የተበየደበት ነው፣ ዝናብ ካለ ደግሞ እንደ ሳሙና ነው። ባህሩ ሲሞላና ሲጎድል ቁልቁለቱም ይለያያል፣ ባለፈው ጊዜ ሜዳ የነበረው በሚቀጥለው ጊዜ አቀበት ሆኖ ሊጠብቅሽ ይችላል። መወጣጫውና መርከቡ የሚገናኙበት ላይ ክፍተት አለ፣ እሱን በሰያፍ ከሄድሽበት ጎማሽን ይውጠዋል፣ ቀጥ ብለሽ ተሻገሪው። ስትገፊ ግራ እጅሽ መሪው ላይ ከፍሬኑ ጋር፣ ቀኝ እጅሽ ኮርቻው ላይ ወይ የፖርቶ መጋላው ጫፍ ላይ ይሁን። ሁለቱንም እጅ መሪው ላይ ካደረግሽ ኋላዋ ከብዶ ይገለበጥብሻል። ታችው ብረት የሆነ የሳይክል ጫማ ካለሽ እዛ ላይ እንዳታደርጊው።

አንድ ከልቤ የምፈራው ነገር አለ። በዚህ መስመር ሹፌር የሌላቸው ተሳቢዎች ብዙ ይጫናሉ፣ አጫጭር የወደብ ትራክተሮች ወደኋላ እየገፉ ነው የሚያስገቧቸው፣ ሹፌሩ ከኋላው ያለውን በደንብ አያይም። ስለዚህ አንጸባራቂ ሰደሪያ ልበሺ፣ ሄድፎን አውጪ፣ ሠራተኛው በእጁ ምልክት ሳይሰጥሽ አንድ እርምጃ እንዳትሄጂ። ፎቶ ለማንሳት መሃል ላይ የሚቆም ሰው አይቻለሁ፣ ልቤ ነው የሚመታው።

አሁን ማሰሩ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልዘርዝር።

ሠራተኞቹ ብዙውን ጊዜ ከጎን ግድግዳው ጋ ወይም ሞተር ሳይክሎች በሚቆሙበት በኩል ያለ የብረት ሃዲድ ያሳዩሻል። ገመድ ይሰጡሻል፣ ወይ ራሳቸው ያስሩታል። በደንብ የሚታሰረው ግን ጊዜ ያለው ሰው ካለ ነው፣ አንዳንዴ አንድ ረጅም ገመድ አምስት ስድስት ሳይክል ላይ አንድ ላይ ጠምጥመው ይሄዳሉ። እኔ አንዴ በሌላ መስመር እንደዛ ታስሮልኝ ጠዋት ስወርድ የጎረቤቴ ፔዳል የኋላ ጎማዬ ራጂ (የጎማው ቀጫጭን ሽቦዎች) ውስጥ ገብቶ ሁለቱ ተበጥሰው አገኘሁ፣ ያውም የማርሹ ጥርስ በኩል ያሉት፣ እነሱን ለመቀየር ጥርሱን መፍታት ግድ ነው፣ ቁልፉን ደግሞ አልያዝኩም ነበር። ሙሉ ቀን ሄደ። ከዛ ወዲህ የራሴን ይዤ ነው የምሄደው። አንቺም ሁለት ሜትር አካባቢ የሆኑ፣ ተጎትተው በመቆለፊያ የሚያዙ ሁለት ጠፍጣፋ ቀበቶዎች ግዢ፣ ክብደታቸው ምንም ነው። በጥርስ እየተጠመዘዘ የሚጠብቀውን ዓይነት ግን አልወደውም፣ እሱ ለሞተር ሳይክል ነው፣ ቀጭን ቴላዮ ላይ ሳታስቢው አጥብቀሽ ልታጎብጪው ትችያለሽ።

ስታስደግፊ ሰንሰለት ያለበት ጎን ወደ ውጭ ይሁን፣ ወደ ግድግዳው በፍጹም አይሁን። ወርክሾፕ የሚመጣልኝ የተጣመመ ማርሽ መቀየሪያ ሁሉ ከዚህ ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ ብረት ላይ ሲገፋ ያድርና ጠዋት የመጀመሪያውን ማርሽ ስትቀይሪ ራጂ ውስጥ ይገባል። ቦታው ሳያመች ሰንሰለቱ ወደ ግድግዳ ካልሆነ አይሆንም ካሉሽ ሳይክሏን አዙሪያት፣ ፊቷ ወደ ኋላ ቢሆን ምንም አይደለም።

ቴላዮውና ሃዲዱ በሚነካኩበት ቦታ መሃል ላይ አሮጌ ካላማዳሪ (የጎማ የውስጥ ላስቲክ) ቆርጠሽ ጠቅልዪ፣ ካልሲም ይሆናል። መርከብ ዝም ብሎ እንኳን ሲሄድ በሞተሩ ንዝረት ቀለሙን ይፍቀዋል።

ቀጥሎ የፊት ፍሬኑን ይዘሽ እጀታውን ከመሪው ጋር በወፍራም ላስቲክ ወይ በሚጣበቅ ማሰሪያ አጥብቂው። ይሄ የእጅ ፍሬን ማለት ነው፣ ሳይክሏ ወደፊትና ወደኋላ መንከባለል አትችልም። ብዙ ሰው በገመድ አስሮ ይህችን ይረሳና ሳይክሉ በገመዱ ውስጥ ተንሸራቶ ሲወድቅ ገመዱን ይረግማል። ሃይድሮሊክ ፍሬን ከሆነም ለአንድ ሌሊት ተይዞ ቢያድር አይጎዳውም።

ከዛ ቀበቶዎቹ። መርከብ በብዛት ወደ ጎን ነው የሚወዛወዘው፣ ስለዚህ ሳይክሏን ከግድግዳው የሚያርቃት ጉልበት ነው የምትከላከዪው። አንዱን ቀበቶ ከኮርቻው ስር ባለው የቴላዮ ቱቦ ዙሪያ፣ ሌላውን ከመሪው ስር ባለው ወፍራም ቱቦ ዙሪያ አድርገሽ ሁለቱንም ወደ ሃዲዱ ሳቢያቸው። ራጂ ላይ አትሰሪ፣ ቸርኬ (የጎማው ክብ ብረት) ላይ አትሰሪ፣ የፍሬንና የማርሽ ሽቦ አብሮ እንዳይጨመቅ በጣትሽ ዳሺው። ልኩ ምን መሰለሽ፣ ኮርቻውን ይዘሽ ስትነቀንቂ ሳይክሏ ብቻዋን ሳትንቀሳቀስ ግድግዳው ሊነቃነቅ የፈለገ ሲመስልሽ በቃ ነው። ሶስተኛ ትንሽ ማሰሪያ ካለሽ የፊት ጎማውን ከቴላዮው የታችኛው ቱቦ ጋር ያዢው፣ የፊት ቦርሳዎች ስላሉሽ መሪው ወደ ጎን ታጥፎ ሁሉንም ይዞ እንዳይወድቅ። የጎን መቆሚያዋን አጥፈሽ አንሺው፣ በመቆሚያ ቆማ የምታድር ሳይክል መቆሚያዋን ነው የምትሰብረው።

መቆለፊያሽን ከመርከቡ ጋር አታድርጊ። ሠራተኞቹ በሆነ ምክንያት ማንቀሳቀስ ቢፈልጉ መቻል አለባቸው። ጎማና ቴላዮ ብቻ አንድ ላይ ከቆለፍሽ ይበቃል። ጎማሽንም አታስተንፍሺ፣ እሱ ለአውሮፕላን ነው የሚባለው፣ እዚህ አያስፈልግም።

ሠራተኛው «ተዪው እኛ እናስረዋለን» ቢልሽ አመስግነሽ የራሴን ይዣለሁ በዪው፣ ከመጀመሪያዎቹ መሃል ከሆንሽ ቅር አይላቸውም። ሁለት ሰዓት ቀድመሽ ድረሺ ያልኩሽ ለዚህ ነው፣ መጨረሻ ላይ ከደረስሽ ሃዲዱ ይሞላና ሌላ ሳይክል ላይ ተደርቦ ነው የሚታሰርልሽ።

ከመውጣትሽ በፊት የወለሉን ቁጥርና የበሩን ወይ የደረጃውን ምልክት በስልክሽ ፎቶ አንሺ። በዚህ መስመር የሚሠሩት ስቴና ሆላንዲካና ስቴና ብሪታኒካ 240 ሜትር ርዝመት ያላቸው መርከቦች ናቸው፣ ጠዋት ተኝተሽ ተነስተሽ «በየት ነበር የወጣሁት» ብሎ መፈለግ ቀላል አይደለም።

ሌሊቱ ላይ ብዙ የምለው የለኝም። ስልክሽን መርከቡ እንደተነሳ አውሮፕላን ሞድ ላይ አድርጊው፣ ከባህሩ ላይ የመርከቡን የሳተላይት ኔትወርክ ከያዘ ሂሳቡ ከባድ ነው፣ የሮሚንግ ፓኬጅሽም አይሸፍነውም። አላርሙን በሆላንድ ሰዓት አስቢው፣ ስልኩ ራሱን ላያስተካክል ይችላል። ባህር ያመኛል ብለሽ ከሰጋሽ ፋርማሲስት አማክረሽ ሲናሪዚን የሚባለውን መድኃኒት ውሰጂ፣ ከመነሳትሽ ሁለት ሰዓት ገደማ ቀድሞ ነው የሚወሰደው እንጂ ከታመምሽ በኋላ ብዙ አይረዳም፣ እንቅልፍ ያመጣል፣ ለሌሊት ጉዞ ደግሞ እሱ ጥሩ ነው። ዝንጅብል የሚረዳውም ሰው አለ። ካቢን መምረጥ ከቻልሽ መሃል አካባቢና ዝቅ ያለው ነው ትንሽ የሚወዛወዘው።

ቋንጣው ላይ አዝናለሁ። እንግሊዝ ከአውሮፓ ህብረት ከወጣች በኋላ፣ ከ2021 ጀምሮ፣ ከእንግሊዝ ወደ ሆላንድ ስጋና የወተት ውጤት ይዞ መግባት ለራስ መብያም ቢሆን ክልክል ነው። ቋንጣ፣ ንጥር ቅቤ፣ አይብ፣ በቅቤ የታሸ ጭኮ፣ የሥጋ ሳንድዊች ሁሉ ይሄ ውስጥ ይገባል። ጉምሩክ ካየው ወስዶ ይጥለዋል፣ ያዘጋጀሽው ቋንጣ ሲጣል ከማየት እዛው ለንደን ለጓደኛ ትተሽ መምጣት ይሻላል፣ ወይ መርከቡ ላይ ማታውኑ ጨርሺው። ሽሮ፣ በርበሬና በሶ ግን ምንም አይሉሽም፣ ሽሮውን በዘይት ትሠሪዋለሽ። ስትመለሺም ከአፕሪል 2025 ጀምሮ እንግሊዝም በተራዋ ከአውሮፓ የሚገባውን ሥጋና አይብ ስለከለከለች ለቤተሰብ የሆላንድ አይብ ብለሽ እንዳትገዢ። ለሽሮው ምድጃ የምትይዢው የቤንዚን ከሆነ ጠርሙሱን ባዶ አድርገሽ አናፍሺው፣ የጋዝ ከሆነ ጋዙን ለንደን ተዪውና ሆላንድ ስትደርሺ ግዢ፣ የካምፒንግ ዕቃ የሚሸጥበት ሁሉ አለ፣ የመርከቡ ሕግ ምን ይላል እያልሽ በር ላይ ከመጨቃጨቅ ይሻላል።

ጠዋት በድምፅ ማጉያ ይቀሰቅሱሻል፣ ቁርስ ብዪ፣ ወለልሽ ሲጠራ ውረጂ። ቀድሞ መውረድ ጥቅም የለውም፣ ሞተር የሚያስነሳው ሁሉ ጭስ ላይ ነው የምትቆሚው። ቅደም ተከተሉን አትርሺ፦ መጀመሪያ የሌሊት ቦርሳሽንና ድንኳንሽን መልሰሽ ጫኚ፣ ሳይክሏ ገና ታስራ እያለች፣ ያኔ አትወድቅብሽም። ቀጥሎ ቀበቶዎቹን ፍቺ፣ መጨረሻ ላይ የፍሬኑን ላስቲክ። ከዛ ሁለቱንም ፍሬን ጨብጠሽ ሞክሪ፣ ጎማውን አንዴ አሽከርክረሽ የሚነካው ነገር ካለ እዪ፣ ከዚያ በኋላ ነው ወደ መውረጃው የምትሄጂው። አሁንም እየገፋሽ። ቁልቁለት ላይ 40 ኪሎ ከአቀበት ይብሳል። ሳይክሎች አንዳንዴ ቀድመው አንዳንዴ መጨረሻ ላይ ነው የሚወጡት፣ ሠራተኛው እስኪነግርሽ እዛው ግድግዳሽ ጋ ቁሚ።

የሆላንድ ፓስፖርት ቁጥጥር ያለው ሁክ ስትደርሺ ነው፣ እዛም ከመኪኖቹ ጋር በተራሽ ትሰለፊያለሽ። የአውሮፓ ህብረት አዲሱ የድንበር ምዝገባ ከኦክቶበር 2025 ጀምሮ ስለገባ የእንግሊዝ ፓስፖርት ቢኖርሽም ፎቶና አሻራ ሊወስዱ ይችላሉ፣ ጊዜ ያዢለት።

ከበሩ እንደወጣሽ የሳይክል መንገድ ታገኛለሽ፣ መኪና መንገድ ላይ መግባት አያስፈልግሽም። በቀኝ ነው የሚነዳው፣ ይሄን የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት ጮክ ብለሽ ለራስሽ ንገሪው። መሬት ላይ ነጫጭ ሦስት ማዕዘን ጥርሶች ጫፋቸው ወደ አንቺ ካየ ቅድሚያ የምትሰጪው አንቺ ነሽ። ስልክ በእጅ ይዞ መንዳት ከጁላይ 2019 ጀምሮ ያስቀጣል። ወደ አምስተርዳም በባህሩ ዳር በዴን ሃግ፣ በካትዋይክ፣ በሃርለም አድርገሽ ወደ 90 ኪሎ ሜትር ነው፣ ነፋሱ በብዛት ከደቡብ ምዕራብ ስለሆነ ከኋላሽ ይሆናል፣ ግን የተኛሽው በመርከብ ስለሆነ ለሁለት ቀን ክፈይው። የመስቀለኛ ቁጥሮች የሚባሉ አሉ፣ በየመገናኛው ቁጥር የተጻፈበት ምልክት አለ፣ የምታልፊባቸውን ቁጥሮች በወረቀት ፕላስተር ላይ ጽፈሽ መሪሽ ላይ ለጥፊ፣ ካርታ ማየት ይቀርልሻል። በጣም ከደከመሽ ከሁክ ወደ ሮተርዳም ሜትሮ አለ፣ ከሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ውጪ ሳይክል ያስገባል፣ 8:00 ላይ ግን ልክ የግፊያው ሰዓት ስለሆነ እስኪያልፍ ቡና ጠጪ።

ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች በኋላ ዱኑ (የባህር ዳሩ የአሸዋ ኮረብታ) ጋ ስትደርሺ አንዴ ቁሚና የፖርቶ መጋላውን አራት ቡሎኖች በቁልፍ ንኪያቸው፣ በንዝረት የሚረግቡት እነሱ ናቸው። ሰንሰለቱንም በጨርቅ ጥረጊና ጠብ ጠብ አድርገሽ ዘይት ስጪው፣ ያ ወለል ጨውና እርጥበት አለው።

የቴላዮሽን ዓይነትና ፖርቶ መጋላው በስንት ቡሎን እንደተያዘ ንገሪኝ፣ ከቻልሽ የሳይክሏን ፎቶ ከነቦርሳዋ ላኪልኝና ቀበቶዎቹ የት የት እንደሚያርፉ ምልክት አድርጌ እመልስልሻለሁ።